ፀሐይ ላይ ለሚውል ሠራተኛ፦ የጎመንና የበርበሬ ቀለም ለቆዳ ምን ይጠቅማል?

ይህን ምክር የጻፍኩት ጥላ መርጠው መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ነው። በወሎ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ መረብ ጥሎ ለሚውል ዓሣ አጥማጅ፣ ለአምባሰል ገበሬ፣ በደሴና ወልድያ መንገድ ዳር ሸቀጥ ዘርግታ ለምትውል እናት፣ ለግንበኛ፣ ለድንጋይ ጠራቢ፣ ለባጃጅ ሾፌር። ስለ ቆዳቸው ሲነሳ አብዛኞቹ «እኛ ፀሐይ ለምደናል» ይላሉ። መልመዳቸው እውነት ነው። ቆዳቸው በየቀኑ የሚከፍለው ዋጋ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ካልሆነ በዓይን አይታይም።

ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከውኃው የሚነሳው ነፋስ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የበረታ አይመስልም። ይሁንና ቆዳን የሚያስረጀው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጎጂ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከ10 እስከ 12 በመቶ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አፋር በረሃ የወረደ ሰው ላብ በላብ ስለሚሆን ሳይነግሩት ጥላ ይፈልጋል። ሐይቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚያጠምደው ሰው ግን ከዚያ የበለጠ ጨረር እየወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ስላልሞቀው አይጠነቀቅም።

በዚያ ላይ ፀሐይ በዚህ አካባቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ አንዴ ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ። የነሐሴውን የክረምቱ ደመና ይጋርደዋል፤ እሱም ቢሆን ሳሳ ካለ ጨረሩን ያሳልፈዋል። የሚያዝያው ግን ያን ያህል ጋራጅ የለውም። ሰዓት ለማያይ ሰው ቀላሉ መለኪያ የራሱ ጥላ ነው። ጥላው ከቁመቱ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው። ይህም በአብዛኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው።

ጨረሩ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ሴሉ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያናድደዋል። ሰላማዊ የነበረው ኦክስጅን ያገኘውን ሁሉ የሚነካካ ይሆናል፤ የሴሉን ሽፋን ቅባት ያበላሻል፣ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ይበጣጥሳል፣ የዘር ቅንጣቱን ዲኤንኤንም ይጎዳል። ሳይንቲስቶች ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉት ይህንን ነው። ሰውነታችን የሚከላከልበት የራሱ መንገድ አለው፤ ጥቃቱ ከመከላከያው ሲበልጥ ግን ጉዳቱ ይጠራቀማል። ያለ ዕድሜ የተሸበሸበ አንገት፣ ጉንጭ ላይ የሚወጣ ማድያት፣ ሲከፋ ደግሞ ካንሰር የዚህ ጥርቅም ውጤቶች ናቸው።

ከሁሉ በፊት የቆመልን ቀለም የራሳችን ሜላኒን ነው፤ ከእናት ሆድ ይዘነው የወጣነው ዣንጥላ። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ ቆዳን በሚያቃጥለው የጨረር ዓይነት ሲመታ ወደ ውስጥ ያሳለፈው 7 በመቶ ያህሉን ሲሆን የነጭ ሰው ቆዳ ያሳለፈው 29 በመቶ ያህሉን ነው። ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። ይህን ቁጥር ያነሳሁት በደሴም በሐይቅም ሱቆች በሚሸጡ የማቅያ ቅባቶች ምክንያት ነው። ፊትን የሚያቀላ ክሬም የሚሠራው ሜላኒንን በመቀነስ ነው። ብዙዎቹ ሃይድሮኪኖን፣ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ አለባቸው፤ አንዳንዱ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የካሮት ሥዕል ተስሎበት «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ቢሮ ውስጥ ለምትውል ሴትም ጎጂ ነው፤ ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታት ለምትውል እህቴ ግን ያላትን መከላከያ ገፍፎ ፀሐይ ላይ ማቆም ነው። እባክሽ ተይው። ቆዳሽ ቀድሞ ተጎድቶ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሪ ድንገት አታቋርጪው፤ ስቴሮይድ ያለው ቅባት በአንዴ ሲቆም ፊት ሊቆጣ ይችላል።

አሁን ወደ ተክሉ ቀለም እንምጣ። ጎመን ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ውስጥ መግባት አይችልም። በተተከለበት ቆሞ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ይወስዳል፤ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ብርሃን እሱም ውስጥ ያንኑ የተናደደ ኦክስጅን ይፈጥራል። ይህን የሚያበርድለት ካሮቲኖይድ የሚባል የቀለም ቤተሰብ ነው። በካሮት ብርቱካናማ፣ በቲማቲም ቀይ፣ በማንጎ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ጎመን ውስጥም ሞልቷል፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ቅጠሉ ሲያረጅ አረንጓዴው ሲለቅ ቢጫው ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። የሰው አካል ይህን ቀለም መሥራት አይችልም፤ የምናገኘው ከምንበላው ብቻ ነው።

በልተነው በእርግጥ ቆዳ ድረስ ይሄዳል? ይሄዳል። ዱባና ካሮት አብዝተው የሚመገቡ ሕፃናት እጃቸው መዳፍ ላይ ቢጫ ይሆናል፤ እናቶች የጉበት በሽታ መስሏቸው ደንግጠው ጤና ጣቢያ ይሮጣሉ። የዓይኑ ነጭ ነጭ እንደሆነ ከቆየ፣ ሽንቱም ካልጠቆረ ያ ቢጫ የምግቡ ቀለም ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ሲቀንሱለት ይለቃል። የዓይኑ ነጭ ራሱ ቢጫ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። መዳፍ፣ ግንባርና የውስጥ እግር ይህን ቀለም ከሌላው ቆዳ ይልቅ ብዙ ያከማቻሉ።

ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ በርበሬ ላይ በግልጽ ይታያል። ደጅ ተሰጥቶ ፀሐይ ላይ የከረመ በርበሬ ቀይነቱን እያጣ ወደ ገረጣ ብርቱካናማ ይሄዳል። ካፕሳንቲን የሚባለው ቀዩ ቀለም የካሮቲኖይድ ቤተሰብ ነው፤ የገረጣው ብርሃኑና አየሩ ስለመቱት ነው። በቆዳችን ውስጥም ካሮቲኖይድ ጥቃቱን ቀድሞ ይቀበላል፣ ይመክታል፣ በመጨረሻም ያልቃል። ፀሐይ ላይ ብዙ በዋለ ሰው ቆዳ ውስጥ መጠኑ እንደሚቀንስ ተለክቶ ታውቋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መተካት ያስፈልገዋል፤ የአንድ በዓል ድግስ ለወሩ አይሆንም።

ብዙ ቤት ውስጥ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ስለ ማብሰሉ ረዘም አድርጌ ልናገር። ካሮቲኖይድ የሚሟሟው በቅባት ነው፤ ውኃ አይወስደውም። ቁሌት ስትሠሩ ልብ ብላችሁ እዩት። ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ በኋላ ዘይትና በርበሬ ሲገባ መጀመሪያ ሁሉም ድብልቅልቅ ያለ ነው፤ በቀስታ እሳት ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ስታበስሉት ዘይቱ ከዳር ዳር ተለይቶ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ያ ቀይ ዘይት ከበርበሬው የወጣው ቀለም ነው፤ አንጀት ሊቀበለው በሚችል መልክ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ቲማቲምም እንዲሁ ነው። ጥሬውን ከመብላት ይልቅ ተከትፎ በዘይት ስልስ ሆኖ ሲበስል ላይኮፒን የተባለው ቀይ ቀለሙ ከሴሎቹ ይላቀቃል። ከቆቦ የሚመጣው ቲማቲም ሲረክስ ገዝቶ በብዛት ስልስ ማብሰል ጥሩ ዘዴ ነው።

ጎመን በውኃ ብቻ ተቀቅሎ ያለ ዘይት ከቀረበ ቀለሙ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። በደቃቁ ክተፉት፤ ቢላው ሴሉን በከፈተ ቁጥር የሚወጣው ቀለም ይጨምራል። ከዚያ ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ዘይት ይበቃል፣ የኑግም ይሁን የሰሊጥ ወይም የሱቁ። ዘይት በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል ወጪ አለመሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ያለችው ዘይት ትንሽ ከሆነች ከነጭ ሽሮው ይልቅ ጎመኑና ካሮቱ ውስጥ ትግባ እላለሁ። ዘይት ጨርሶ ከሌለ ጥቂት የተቆላ ኑግ ወይም ሱፍ ወቅጦ መጨመርም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በርበሬውን ስታደርቁ ቀለሙን አትግደሉት። መሬት ላይ ሳይሆን ንጹሕ ሸራ ላይ ስጡት፤ እያገላበጣችሁ ቶሎ እንዲደርቅ አድርጉ፤ ከደረቀ በኋላ አንድም ቀን ደጅ አይደር። ሳይፈጭ ዛላው እንዳለ ቢቀመጥ ቀለሙ ይቆያል፤ የተፈጨው ግን አየር በየቅንጣቱ ስለሚያገኘው ቶሎ ይገረጣል። የሚፈጨው ለጥቂት ወራት የሚበቃው ብቻ ይሁን፣ የሚቀመጥበትም ዕቃ ክዳኑ የሚገጥምና ብርሃን የማያስገባ። እርጥበት ያገኘ በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመርት ይችላል፤ ይህ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። የሻገተ በርበሬ ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ ሲፈጭ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

በውኃ የሚሟሙ ቀለሞችም አሉ፤ የቀይ ሥር፣ የቀይ ሽንኩርት፣ የቀይ ማሽላ፣ የበለስ። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውኃ ሲደፉ ቀለሙም አብሮ ይፈስሳል፤ ከነልጣጩ ቀቅሎ ኋላ መላጥ ይሻላል። ሽንኩርት ሲላጥ ከውጪ ያሉት ቀላ ያሉ ሽፋኖች ከውስጠኛው ነጭ ክፍል በቀለም ይበልጣሉና ብዙ አትጣሉ። የእርድ ቢጫም ጥሩ ቀለም ነው፤ ለብቻው አንጀት ብዙም አይቀበለውም፣ በቅባትና በቁንዶ በርበሬ ታጅቦ ግን የተሻለ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ይጠቅማል? ጀርመን አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ፈቃደኞች በየቀኑ 40 ግራም የቲማቲም ድልህ ከ10 ግራም የወይራ ዘይት ጋር ተመገቡ፤ ሌሎቹ ዘይቱን ብቻ። በአራተኛው ሳምንት ቆዳቸው በጨረር ሲመታ ልዩነት አልታየም። በአሥረኛው ሳምንት ግን ቲማቲም የበሉት ቆዳ መቅላት ከሌሎቹ በ40 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። የተሳተፉት ሰዎች ጥቂትና ነጮች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይገባም። የሚያስተምረን ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቀለሙ እስኪጠራቀም ሁለት ወር ከምናምን ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ሲጠራቀምም ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ኮፍያ ወይም የፀሐይ ክሬም የሚሠራውን ያህል አይሠራም።

እንግዲህ ጨርቁን አትናቁት። ሰፊ ክንፍ ያለው ባርኔጣ አንገትንና ጆሮን ይጋርዳል፤ ኬፕ ኮፍያ ግን ጆሮና ማጅራትን ለፀሐይ ይተዋል። ነጠላ ሲባል ስሙም እንደሚነግር ስስ ነው፤ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብታዩት ብርሃኑ በክሮቹ መካከል ይታያል፣ ጨረሩም በዚያው ያልፋል። እጥፍ አድርጋችሁ ተከናነቡት። ሲረጥብ ደግሞ ከደረቀው ይበልጥ ጨረር ያሳልፋል፤ ዓሣ አጥማጆች በዚህ ይጠንቀቁ፣ ጀልባ ላይ ደረቅ መለወጫ ይያዙ። ጥምጥም ለሚጠመጥሙ የወሎ አባቶች ግንባርና ማጅራት ድረስ ዝቅ ቢያደርጉት መልካም ነው። ውኃው ከላይ የመጣውን ጨረር በከፊል ስለሚመልሰው ባርኔጣ ብቻ አገጭና የዓይን ሥርን አያድንም፤ መነጽርም ይረዳል። ለረጅም ዘመን የተከማቸ ጨረር የዓይን ሞራን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ሉቲን የሚባለው ቢጫ ቀለም ዓይናችን ኋላ ክፍል ላይ ተከማችቶ እንደሚገኝም እግረ መንገዴን ልጥቀስ።

የቀን ሠራተኛ ለምታሠሩ ፎርማኖችና አሠሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ እኩለ ቀኑ ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት ቢሰጥና ከ9 ሰዓት በኋላ ቢቀጠል የሚጠፋ ሥራ የለም። ሲሚንቶ የሚቦካበትና ብረት የሚታሰርበት ቦታ ላይ ሸራ መወጠርም ያን ያህል አያስወጣም። ምሳ የሚቀርብ ከሆነ ጎመንና ካሮት በሳምንት ጥቂት ቀን ይግባበት።

አሁን የማልመክራቸውን ልናገር። ፋርማሲ የሚሸጠውን የቤታ ካሮቲን ክኒን ለቆዳ ብላችሁ አትግዙ፤ በተለይ ሲጋራ የምታጨሱ ጨርሶ አትንኩት። እ.ኤ.አ. በ1994 ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሾች በተሳተፉበት ጥናት በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ከማይወስዱት ይልቅ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዝቶባቸዋል። በካሮትና በጎመን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። በምግብ ውስጥ ቀለሙ ከብዙ ሌሎች ነገሮች ጋር በልኩ ይመጣል፤ ክኒኑ አንዱን ነጥሎ በብዛት ይሰጣል።

ቀለም ይጠቅማል ተብሎም ያገኙትን ተክል ቆዳ ላይ መቀባት ትልቅ አደጋ አለው፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጤና አዳምና ሎሚ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አላቸው። ጭማቂያቸው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው በእሳት እንደተቃጠለ ይሆናል። ችግሩ ወዲያው አይታይም፤ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ሰው ከምን እንደመጣ ስለማያውቅ «ሸረሪት ሸናብኝ» ይላል። ጤና አዳም በቡና ውስጥ ጣል ማድረግ ችግር የለውም፣ የወሎ ቡና ያለሱ አይሆንም። ነገር ግን ጤና አዳም ለገበያ የምታጭዱና የምታስሩ ሰዎች ሥራውን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ማታ አዙሩት፤ እጅና ክንዳችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሐይቅ ዳር ዓሣ እየጠበሱ ሎሚ የሚጨምቁ ልጆችም ደጅ ላይ ከመቆማቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ። ብጉር ያጠፋል ተብሎ ሎሚ ፊት ላይ መቀባትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ቅቤ ደግሞ ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ ጨረር አይከላከልም።

በአልቢኒዝም የተወለዱ ወገኖቻችን ሜላኒን የላቸውም ወይም በጣም ጥቂት ነው። ለእነሱ ጎመንና ቲማቲም ጥሩ ምግብ ነው፣ መከላከያ ግን አይሆንም። ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ክሬምና በየጊዜው የቆዳ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ከልጅነት ጀምሮ። ከመስክ ሥራ ይልቅ በጥላ የሚሠራ ሙያ እንዲማሩ ማገዝ የወላጅና የመምህር ድርሻ ነው። ጥቁር ቆዳ ያለን ደግሞ ካንሰር አይነካንም ብለን አንዘናጋ። በእኛ ዘንድ አደገኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚወጣው የውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው፤ ሰው ፈልጎ በማያይበት ቦታ። በባዶ እግር የሚያርስ ገበሬ ማታ እግሩን ሲታጠብ ተረከዙን ያገላብጥ። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፣ ጥፍር ላይ የወጣ ጥቁር መስመር፣ ከወር በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የቆዳ ሕክምና ሲሰጥ የቆየ ነው፤ ወደዚያ ማስተላለፊያ ማጻፍ ይቻላል።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ጊዜው ነው። ቀለሙ ቆዳ ላይ እስኪጠራቀም አሥር ሳምንት ገደማ ይፈልጋል ብያለሁ። ከሚያዝያ አጋማሽ አሥር ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የካቲት መባቻ ላይ ትደርሳላችሁ። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ 55 ቀን ይቆያል። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ማዕዱ የተክል የሚሆነው ልክ ፀሐይ ወደ አናት በምትወጣበት ወቅት ነው ማለት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ባጸኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጾምና ሥራ ዛሬም አብረው ይሄዳሉ፤ በየቤቱ ያለው ጿሚ ሠራተኛም እንደዚያው ነው። ይህ ጊዜ በደረቅ እንጀራና በሽሮ ብቻ ካለፈ ለቆዳ የሚተርፍ ቀለም የለም። ጎመን በዘይት፣ ምስር በቀይ ቁሌት፣ የቲማቲም ስልስ፣ ካሮትና ቀይ ሥር እየተፈራረቁ ከቀረቡ ግን ሚያዝያ ሲደርስ ቆዳው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ለሙስሊም ወገኖቼ ረመዳን በየዓመቱ ቦታውን ስለሚለውጥ ቆጠራው ከጾሙ ጋር አይገጥምም፤ የካቲትን ብቻ ያዙ፣ በረመዳን ከሆነም ጎመኑ ለኢፍጣርም ለሱሑርም ይስማማል።

ጓሮ ያለው ሰው ጎመኑን ኅዳር ላይ ችግኝ ቢያፈላ፣ ከውኃው ዳር ወይም ከጉድጓድ እያጠጣ የካቲት ላይ ቅጠል መቀንጠብ ይጀምራል። ካሮት ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ እሱም ኅዳር ላይ ይዘራ።